ስድስት ደቂቃ የተባለው የሞጣ መንገድ

በጥቅምት ማለቂያ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ የተነሣሁት እናት ለመሆን ነው። አትደንግጡ፤ የክርስትና እናት ነው። ስሜ ትርንጎ ይባላል፣ ዕድሜዬ ዐሥራ ሰባት፣ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻዬን የሄድኩት ሩቅ መንገድ ከቤታችን እስከ ወፍጮ ቤት ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህርት አዲስዓለም ስድስት ዓመት ሙሉ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ኖረዋል። አማርኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ያየሽውን ጻፊ፤ ያላየሽውን አታስውቢ» እያሉ ደብተሬን በቀይ እስክሪብቶ ያቀሉት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ሞጣ ተወልደው ሞጣ የሚሠሩ ሰው ስለሆኑ፣ መምህርት አምና ወደዚያ ተዛወሩ። ሲሄዱ ነፍሰ ጡር ነበሩ። ሻንጣቸውን ተሸክሜ እስከ መናኸሪያ ስሸኛቸው፣ «ሴት ከሆነች የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው አላስነካም» አሉኝ። ሴት ሆነች!

ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሰማንያኛው ቀን እሑድ ላይ ዋለ። ይህ ቀን እንደ ፈተና አይራዘምም፣ እንደ ሠርግ አይዛወርም። እኔ በጊዜ ካልደረስኩ ልጅቷን ሌላ ሰው ያነሣታል፣ ክርስትና ደግሞ ሁለተኛ የለውም። ስለዚህ ቅዳሜ ሞጣ ማደር ነበረብኝ። በቦርሳዬ ውስጥ ነጭ የሕፃን ቀሚስና በእጄ የገመድኩት ማተብ ነበር፤ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ክር። አባቴ ገማመዱን ያሳየኝ ሦስት ጊዜ አስፈትቶ ነው።

ስልኬ የነገረኝ

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኔትወርክ መጥቶ ነበር። እኛ ዘንድ ኔትወርክ መጣ ማለት እንግዳ መጣ እንደማለት ነው፤ ሳይሄድ ሁሉን መጠየቅ ነው። እኔም የሁለት ከተሞችን ስም ሲጽፉለት ርቀት የሚያወጣ አንድ ገጽ አገኘሁና ቢቸናና ሞጣን ጻፍኩ። በቀጥታ መስመር፣ ወደ ሰማንያ ኪሎ ሜትር አለኝ። ሰማንያ ቀን፣ ሰማንያ ኪሎ ሜትር! ደስ አለኝ። ከሥሩ ደግሞ «የበረራ ጊዜ፦ ስድስት ደቂቃ» ይላል። ቢቸና አውሮፕላን እንደሌላት ገጹ የሚያውቅ አይመስልም። ከዚያ በታች በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይላል።

ወዲያው መምህርት ጋ ደወልኩ። «ቅዳሜ በሦስት ሰዓት እነሣለሁ፤ በሰባት ሰዓት ሞጣ ነኝ!» አልኳቸው። ሁለቱን ሰዓት አራት አድርጌ በመጨመሬ ራሴን እንደ ብልህ ቆጥሬ ነበር።

አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሲሰማ ቆይቶ፣ «ሰዓቱን ለምን ነገርሻቸው?» አለኝ።

«እንዲያውቁት ነዋ፣ አባዬ!»

«እሺ። ለማንኛውም ጎህ ሲቀድ ተነሺ።»

«የሁለት ሰዓት መንገድ እኮ ነው። በዚህ ብርድ ምን አስነሣኝ?»

ከዚህ በላይ አልተናገረም። አባቴ ሲያውቅ ዝም የሚል ሰው ነው፤ ይህ ጠባዩ ስንት ጊዜ ጎድቶኛል።

ሦስት ሰዓት፣ ቢቸና መናኸሪያ

«ሞጣ! ሞጣ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!»

የሚጮኸው ሹፌሩ ራሱ ነበር። ጋሻው ይባላል፤ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ፣ ከመኪናው ጥሩምባ የበለጠ ድምፅ ያለው ሰው ነው። እኔ ያ አንድ ሰው ነኝ ብዬ እየሮጥኩ ገባሁ። ውስጥ አራት ሰዎች ብቻ ተቀምጠዋል። ጋሻው ከኋላዬ በሩን ይዞ እንደገና «አንድ ሰው ብቻ!» ማለት ጀመረ። የሞጣ መኪና ጎህ ሲቀድ ቶሎ እንደሚሞላ፣ ከረፈደ ግን እንደ ምንጭ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ እንደሚጠራቀም የገባኝ ያኔ ነው። አባዬ፣ ይህችን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፣ ከጉልበታቸው ላይ በጥንቃቄ የታሰረ የጨርቅ ጥቅል አለ። ሐጂ አብዱ ናቸው፤ ሞጣ ተወልደው ሞጣ ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁ። ቢቸና ያገባች ልጃቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነበር።

«ሐጂ፣ በአውሮፕላን ቢሆን ስንት ሰዓት የሚፈጅ ይመስልዎታል?» አልኳቸው፤ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም።

«ከየት የት?»

«ከቢቸና ሞጣ። ስድስት ደቂቃ!» ስልኬን አሳየኋቸው።

ከኋላ ያለ አንድ ገበሬ ሳቀ። «ስድስት ደቂቃማ መኪናው ውስጥ እግሬን ለማመቻቸት አይበቃኝም።»

«አውሮፕላኑስ እስኪሞላ ይጠብቃል?» አለ ሌላው።

ጋሻው ከውጭ ሰምቶ ራሱን በመስኮት አስገባ። «ወንድሜ፣ ከሞላልኝ እኔም እበራለሁ! አንድ ሰው ብቻ!»

ሐጂ ግን አልሳቁም። ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው፣ «ስድስት ደቂቃ» አሉ ቀስ ብለው፣ የሚያውቁትን ሰው ስም እንደሚጠሩ ሁሉ። ከዚያ ስልኩን መለሱልኝ። ተሳፍረን የተነሣነው አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። በዚያ ገጽ ሒሳብ ዐሥራ አምስት ጊዜ ሞጣ በርሬ በደረስኩ ነበር።

ደብረ ወርቅና ከዚያ ወዲያ

መስኮት በኩል ስለተቀመጥኩ ሁሉን አየሁ። ጤፉ ወደ ቢጫነት እየዞረ ነው። ነፋስ ሲነካው ሜዳው በሙሉ ወደ አንድ ጎን ጋደም ይልና ይነሣል። አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ ደህና ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጋሻው አስፋልቱን ትቶ በጎኑ ያለውን አፈር ይመርጣል። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሁለት ሰው ወረደ፣ ሦስት ሰው ወጣ፣ አንድ በግ ጣራ ላይ ተጫነ። በጉ መንገዱን ሙሉ ሲጮህ ከኛ ሁሉ እውነቱን የሚናገር እሱ ብቻ መሰለኝ።

መንገድ ላይ ሁለት አህዮች ተኝተው አገኘን። ጋሻው ጥሩምባ ነፋ፣ ፎከረ፣ በመጨረሻ ወርዶ ለመናቸው። ሰዓቴን ያዝኩ፤ አህዮቹ ለመነሣት ብቻ ስድስት ደቂቃ ፈጀባቸው። ይህን በደብተሬ ጻፍኩ። በዚያ ቀን ስድስት ደቂቃ መለኪያዬ ሆኖ ነበር። በስድስት ደቂቃ አንድ ሸንኮራ ይላጣል፣ በስድስት ደቂቃ አንድ ሰው ወርዶ ዕቃውን ከጣራ ያስወርዳል፣ በስድስት ደቂቃ ሁለት ሴቶች ተሰነባብተው አይጨርሱም።

ጉንደ ወይን ለመድረስ ትንሽ ሲቀረን ከሥራችን ቧ! አለ። መኪናው ወደ ጎን ተንገዳግዶ ቆመ። ጎማ ነው። ጋሻው ወርዶ አየና ፎጣውን ከአንገቱ ፈትቶ መሬት ላይ ጣለው። መለዋወጫውም ጎማ ቀድሞ የፈነዳ ነበር። ጋሻው ጎማውን ፈትቶ በሚያልፍ ሞተር ሳይክል ላይ አፈናጠጠና እኛን ትቶን ሄደ።

መንገድ ዳር ተቀመጥን። አምስት ሰዓት ተኩል አለፈ፣ ስድስት ሆነ፣ ስድስት ተኩል። በየጊዜው ስልኬን ከፍ አድርጌ እየዞርኩ ኔትወርክ እፈልጋለሁ። የለም። ሰባት ሰዓት ሞላ።

ሐጂ ከግራር ሥር ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን አጥተሽ ነው እንደ አውሎ ነፋስ የምትዞሪው?» አሉኝ።

ሁሉን ነገርኳቸው፤ መምህርትን፣ ሰማንያ ቀኑን፣ ማተቡን። በመጨረሻ «በሰባት ሰዓት እደርሳለሁ ብያቸዋለሁ» አልኩ።

«ሰዓት ቆርጠሽ?»

«አዎ።»

ሐጂ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። «ተሳሳትሽ ልጄ። መንገደኛ ቀን ይናገራል እንጂ ሰዓት አይቆርጥም።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ቅዳሜ እመጣለሁ ብትያቸው ኖሮ እስኪመሽ ይጠብቁሽ ነበር። አንቺ ግን ሰባት ብለሻል። ሰባት ተኩል ላይ ወደ በር ማየት ይጀምራሉ። ስምንት ላይ ይጨነቃሉ። ዘጠኝ ላይ ይማከራሉ። ዐሥር ላይ...»

«ዐሥር ላይ ምን ይሆናል?»

«ሌላ ሰው ይጠራሉ። አይፈረድባቸውም፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ልጅቷ ተመልሳለች ይላሉ። እኛ ኢንሻ አላህ እንላለን፣ እናንተ እግዜር ከፈቀደ ትላላችሁ። ስልክሽስ ምን አለ?»

«ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያለው» አልኩ። ሐጂ ሳቁ። እኔም ዕንባዬ እየመጣ ሳቅሁ።

ጉንደ ወይን፣ ስምንት ሰዓት ተኩል፤ ተሸጥን

ጋሻው ጎማውን አስጠግኖ መጥቶ ጉንደ ወይን አደረሰን። ገበያ ስለነበር መንገዱ ሰው፣ ከብት፣ ጨው፣ በርበሬ ነው። ከመኪናው አብዛኛው ሰው እዚያው ወረደ። ወደ ሞጣ የቀረነው አምስት ብቻ ነን።

ጋሻው መሪውን ይዞ ወደኋላ ዞሮ ቆጠረን። ፊቱን ሳየው ገባኝ። «ወገኖቼ» አለ በለሰለሰ ድምፅ፤ እንደዚህ ማናገር እንደሚችል አላውቅም ነበር። «በአምስት ሰው ሞጣ ብሄድ ነዳጁንም አይመልስልኝም።»

«ልትሸጠን ነው?» አለ ገበሬው።

«ለደህና ሰው ነው የምሸጣችሁ።»

ይህን የማታውቁ ካላችሁ፤ ሹፌር መንገዱ ካላዋጣው ተሳፋሪዎቹን ወደዚያው ለሚሄድ ሌላ መኪና ያስተላልፋል፤ ከተቀበለው ሒሳብ ለዚያኛው ሹፌር ያካፍላል። መሸጥ ይባላል። ጤፍ ጭኖ ወደ ሞጣ ለሚሄድ አይሱዙ ተሸጥን። ሦስቱ ወንዶች ጆንያው ላይ ወጡ፣ ሐጂና እኔ ጋቢና ገባን። ጋሻው ሲለየኝ፣ «እህቴ፣ ስድስት ደቂቃሽን እንዳትረሺ!» ብሎ ጮኸብኝ። በዚያ ሁሉ ንዴቴ መሀል ወደድኩት።

አይሱዙው ጭነቱን እስኪያስር ድረስ የተቀቀለ ድንች በዳጣ ገዛሁ፤ አምስት ፍሬ በሃያ ብር። ለሐጂ ሁለቱን ሰጠኋቸው። አፌ እየተቃጠለ ሳለ ስልኬ ነዘረኝ። ኔትወርክ! አንድ መልእክት ገባ፤ ከመምህርት ነው።

«ትርንጎ የት ደረስሽ? ስልክሽ አይሠራም። እማማ ልጅቷ አትመጣም፣ ሌላ ሰው እንናገር እያሉ ነው። እባክሽ መልሺልኝ።»

እማማ የሚሏቸው የባለቤታቸውን እናት ነው። እጄ በዳጣ እንደቀላ «እየመጣሁ ነው፣ ሌላ ሰው አትናገሩ» ብዬ ጻፍኩ፣ ላክሁ። አልሄደም። ደግሜ ላክሁ። አልሄደም። ደወልኩ። ኔትወርኩ እንደ መጣ ሄዷል። ሐጂ እንዳሉት ሆነ ማለት ነው፤ ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው። መማከር ጀምረዋል።

በጋቢና ውስጥ

የአይሱዙው ሹፌር ከጉንደ ወይን እስከ ሞጣ የተናገረው ቃል ሁለት ብቻ ነው፤ «ዝጊው» እና «ደረስን»። በሩን ነው ዝጊው ያለኝ። መኪናው የተጫነ ስለሆነ ዳገት ላይ ከጎናችን የሚሄድ ሰው ይቀድመን ነበር። እኔ ጥፍሬን እበላለሁ።

ሐጂ ይህን አይተው ይመስለኛል ወሬ ጀመሩ። «ያ ስድስት ደቂቃ ያልሽው እኮ ውሸት አይደለም።»

«እንዴት?»

«ሞጣ አውሮፕላን ነበራት። እኔ ልጅ ሳለሁ ሜዳው ላይ ያርፍ ነበር። አስፋልት የለው፣ ምን የለው፣ ሣር ነው። ድምፁን ስንሰማ እኛ ልጆች ሮጠን ከብቱን ከሜዳው እናባርራለን። ሥራችን እሱ ነበር። ከብት ካልወጣ አያርፍም፤ ዞሮ ዞሮ ይሄዳል።»

«እርስዎስ ተሳፍረውበታል?»

«አንድ ጊዜ፤ እናቴ ታማ ሐኪም ቤት ስንወስዳት። ከሰማይ ላይ ስትሆን አገሩ የተዘረጋ ጨርቅ ነው ልጄ። ወንዙ ስፌት ነው። መንገዱ ግን ምንም ያህል አልነበረም፤ ገና ዱዓዬን ሳልጨርስ ውረዱ አሉን።» ጥቅላቸውን አስተካከሉ። «ለዚያች ደቂቃ ሜዳው ዳር የጠበቅነው ሦስት ቀን ነው። ማክሰኞ ይመጣል አሉን፤ ደመና ሆነ። ረቡዕ መጥቶ ዞሮ ተመለሰ። ሐሙስ ነው ያረፈው። ከሩቅ ቀበሌ በእግር የመጡ ሰዎች ስንቃቸው አልቆ እኛ ነበርን ያበላናቸው። አውሮፕላኑም ራሱ ሰዓት አይቆርጥም ነበር።»

ደብተሬን አወጣሁ። መኪናው እያንገጫገጨኝ፣ ፊደሉ እንደ አባ ጨጓሬ እየተጣመመ ይህን ጻፍኩ፦ በረራው ስድስት ደቂቃ፣ ጥበቃው ሦስት ቀን። ያ ገጽ የጻፈው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«እናትዎ ዳኑ?» አልኩ።

«ዳነች። ብዙ ኖረች። ግን እንደዚያ የሰጋሁበት ጊዜ የለም። እና ልጄ፣ ስጋትሽን አውቀዋለሁ።»

ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሞጣ

«ደረስን» አለ ሹፌሩ።

ጤፉ የሚራገፈው ከተማው ዳር ካለ መጋዘን ነው። ከጋቢና ስወርድ ፊት ለፊቴ ሰፊ ሜዳ አየሁ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ላሞች ይግጣሉ።

«ይኸው አየር ማረፊያው» አሉ ሐጂ፣ የራሳቸውን ቤት እንደሚያሳዩ ሁሉ። «ያ ዛፍ ይታይሻል? ፀሐይ ከዚያ ዛፍ በላይ ሳለች እንጠብቃለን። ከዛፉ ሥር ከገባች ዛሬ አይመጣም ብለን እንበተናለን።»

ፀሐይዋ ከዛፉ ሥር ገብታለች። ቀይ ሆና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልታዋለች። ላሞቹ፣ ኳሱ፣ የልጆቹ አቧራ ሁሉ ቀልቷል። ብቸኩልም አንድ ጊዜ ቆሜ አየሁት፤ ያየሽውን ጻፊ ተብያለሁና። ከዚያ ጀርባዬን ለፀሐይዋ ሰጥቼ ጥላዬን እየተከተልኩ ወደ ከተማው ሄድኩ። ሐጂ ቤቱን ያውቁታል፤ ሞጣ ውስጥ የማያውቁት ቤት የለም። ዕድሜያቸውን ረስተው እየተራመዱ እስከ በሩ አደረሱኝ።

መምህርት በሩ ላይ ነበሩ። ልጅቷን አቅፈዋል። ሲያዩኝ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፣ ከዚያ በአንድ እጃቸው አንገቴን አነቁኝ። «ትርንጎ! ተመልሰሽ መስሎን!»

ውስጥ ከመደቡ ላይ እማማ ጥሩወርቅ ተቀምጠዋል፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ጥርሳቸው ሙሉ የሆነ አሮጊት። አጠገባቸው አንዲት ትልቅ ሴት የታጠበ ነጠላ ያጥፋሉ። ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እማማ ግንባሬን ሳሙኝና ሳይቸኩሉ እንዲህ አሉ።

«ልጄ፣ እንኳን በደህና ገባሽ። ግን ሰባት ሰዓት ብለሽ ነበር። ሰባትም አለፈ፣ ዘጠኝም አለፈ። ልጅቷ ያለ ክርስትና እናት እንዳትቀር ስንታየሁን ተናግረናል። ይኸው ነጠላዋን አጥባለች። የተናገርነውን ሰው አናሳፍርም።»

ሐጂ ከበር ላይ ሆነው፣ «ጥሩወርቅ፣ ጥፋቱ የመኪና ነው። ይህች ልጅ ከጠዋት ጀምራ እየሮጠች ናት፤ ምስክሯ እኔ ነኝ» አሉ።

«የእርስዎ ምስክርነት አይናቅም፣ ሐጂ። ይግቡ እንጂ። ግን ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚባለውን ታውቀዋለች?» ወደ እኔ ዞሩ። «ታውቂዋለሽ?»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«እስቲ። ወደ የት ዞረሽ ነው መጀመሪያ?»

«ወደ ምዕራብ።»

«ምዕራብ በየት ነው?» አሉ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው።

በማላውቀው ከተማ፣ በማላውቀው ቤት፣ ፀሐይ በሌለበት ክፍል! ነገር ግን ያን ሜዳ ከዓይኔ ላይ የሚነቅለው የለም። ጥላዬ ከፊቴ ነበር፣ በሩን የገባሁትም ሳልታጠፍ፣ ጥላዬን እንደተከተልኩ ነው። ስለዚህ በገባሁበት በር በኩል ዞርኩ። ግራ እጄን አነሣሁና «እክሕደከ ሰይጣን» አልኩ። ከዚያ ተመልሼ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቁምሳጥኑ ዞርኩ፣ ቀኝ እጄን አነሣሁ፤ «አአምን ብከ ክርስቶስ።» ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ወይም ትንሽ ተንቀጥቅጧል።

ከዚያ ማተቡን ከቦርሳዬ አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። እማማ ክሩን በጣታቸው ፈትሸው፣ ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩት።

«ማን ገመደው?»

«እኔ።»

ያኔ እትዬ ስንታየሁ ያጠፉትን ነጠላ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሳቁ። «እማማ፣ እኔን ተዉኝ። እኔማ ድሮም ዘመዳችሁ ነኝ፤ የሚለየን ይህ አጥር ነው፣ እሱንም በጋ በጋ ከብት ያፈርሰዋል። ክርስትና የሩቁን ለማቅረብ አይደል? ጎረቤት ምን ልታቀርቡኝ ነው? ለቢቸናዋ ስጧት።»

«አትቀየሚም?»

«ነጠላዬ ታጠበልኝ፤ ምን ጎደለብኝ?»

እማማ ጥሩወርቅ ማተቡን መለሱልኝ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «ቢቸና ሰው የለንም ነበር።»

እሑድ

ጎህ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ብርዱ ያንገበግባል። ቄሱ ወደ ምዕራብ አዙረው አቆሙኝ፤ ያን የሚሉትን አልኩ። ወደ ምሥራቅ አዙረውኝ ሌላውን አልኩ። በመሀሉ ያለው ተረከዝን አንድ ጊዜ ማዞር ብቻ ነው። ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ! ገጹ ይህን ርቀት ስንት ይለው ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ኋላ በዚያ ሰዓት ስለ ስልክ በማሰቤ ንስሐ እገባለሁ።

ልጅቷ ከውኃው ስትወጣ ቤቱን አናጋችው። በነጩ ቀሚስ ተጠቅልላ ክንዴ ላይ ስትገባ ግን ዝም አለች፤ አንዲት ጣቴን ያዘች። ማተቡን ቄሱ አሰሩላት። የክርስትና ስሟን በጆሮዬ ነገሩኝ። ያን ስም ሳይረሳ መጠበቅ የክርስትና እናት ሥራ ነው። በሌላ ደብተር ጽፌዋለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

ግብዣው ላይ ትልቁ ጉድ መጣ። መምህርት አዲስዓለም፣ ስድስት ዓመት ሙሉ «አንቺ ትርንጎ፣ አራት ነጥብሽ የታለ?» ሲሉኝ የኖሩት መምህሬ፣ ሳህን ይዘው ፊቴ ቆሙ። «አበልጄ፣ ይብሉ እንጂ። ምነው እንግዳ ሆኑብን?»

የልጅ ወላጅና የክርስትና እናት አበልጆች ናቸው፤ አበልጅ ይከበራል። አውቀዋለሁ። ግን እኔን! አንቱ! የምጠጣው ውኃ በአፍንጫዬ ወጣ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፣ መምህርትም እየሳቁ ደግመው «ቀስ ብለው ይጠጡ፣ አበልጄ» አሉኝ።

ሰኞ፣ መልስ

ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። አስተውላችኋል? ጎህ ሲቀድ! መኪናው ከመቅጽበት ሞላ። ሲሸኙኝ እማማ ጥሩወርቅ፣ «ቢቸና በስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ተንኮል አየሁ።

«ዛሬ እገባለሁ፣ እማማ። እግዜር ከፈቀደ።»

«እንዲህ ነው እንጂ» አሉ።

ጎማ አልፈነዳም፣ ማንም አልሸጠንም፣ አህዮቹም ሌላ ቦታ ተኝተዋል። እኩለ ቀን ሳይሆን ቢቸና ገባሁ፤ የጠዋቱ ክፍል ግን አምልጦኛል። አባቴ በር ላይ ሆኖ፣ «እህ፣ ስድስት ደቂቃ ነው?» አለኝ። ሁሉን ነገርኩት። ሐጂ ያሉትን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?» ስለው፣ «ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?» አለ። አልሰማውም ነበር።

ዛሬ ያን ገጽ እንደገና ከፈትኩት። አሁንም ሰማንያ ኪሎ ሜትር፣ አሁንም ስድስት ደቂቃ ይላል። አልናቅሁትም፤ ሐጂም አልናቁትም። ግን መንገድ ሁለት ጫፍ እንዳለውና በወዲያኛው ጫፍ በር በሩን የሚያይ ሰው እንዳለ አይቆጥርም። እኔ ሐሙስ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። የራሴን ሰዓት ብቻ ለካሁ፤ የጠባቂዎቼን አልለካሁም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ የአባቴ ስልክ ጮኸ። አንሥቶ ሰማና «ላንቺ ነው» ብሎ ሰጠኝ። ቀጥ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው።

«አበልጅ፣ ገቡ?»

«ገብቻለሁ፣ እማማ። በደህና ገባሁ።»

«ተመስገን» አሉ እማማ ጥሩወርቅ። ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብለው፣ ቤት ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ሲናገሩ ሰማኋቸው፦ «ገብታለች! ቢቸና ሰው አለን።»